የዓሣ መርከቧ መርዶ

አትላንታ ውስጥ ጦር መርከብ የነበረው ሐበሻ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከተማዋ ባሕር የላትምና የሚያጣራው አልነበረም።

መጀመሪያ የሰማሁት በሎተሪ ወደዚህ አገር በመጣሁ በዓመቱ፣ አንድ የልጅ ልደት ላይ ነው። ሕፃኑ አንድ ዓመት ሞልቶታል፤ አዳራሹ ግን ሁለት ሠርግ ይችላል። እኛ ልጅ ጥርስ አበቀለ ብለን አገር ምድሩን የምንጠራ ሰዎች ነን። ከኋላዬ ካለው ጠረጴዛ አንድ ወፍራም ድምፅ ሙዚቃውን እየበለጠ ይመጣል። ዞር ብዬ አየሁት። ዕድሜው ሃምሳውን አጋምሷል፤ ሆዱ ቀድሞ ገብቶ እሱ የሚከተል ዓይነት ሰው ነው። ራሱ ላይ መልሕቅ የተጠለፈበት ሰማያዊ ኮፍያ አለ። ኮፍያው ሳቫና ባሕር ዳርቻ ለቱሪስት የሚሸጥ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ያኔ ግን እንደ ማዕረግ ነበር ያጠለቀው። ሁሉም «ካፒቴን» ይሉታል።

«ጦር መርከቤን ይዤ ስወጣ» ይላል፣ «ሞገዱ የቤት ጣሪያ ነው የሚያክለው። ጠላት በግራ፣ ጠላት በቀኝ። ገና ልጅ ነኝ እኮ! በዚያ ዕድሜዬ ኮማንድ አደርጋለሁ፤ ዩ ኖው?»

አንድ ታክሲ ነጂ ወጣት ሥጋውን እያላመጠ፣ «መርከቧ ራሺያ ሜድ ናት ካፒቴን?» አለው።

«ኖ፣ ኖ። የዓሣ ድርጅቱ ነበረች፤ አሰብ። ጦር መርከብ አድርጌ ኮንቨርት ያደረግኳት እኔ ነኝ።»

ፊልም ላይ እንደሚሆነው ሹካው ከእጄ አልወደቀም። ክትፎዬን ጨረስኩ፤ ግን ምን እንደበላሁ አላውቅም። በእነዚያ ዓመታት አሰብ ላይ ከዓሣ ድርጅቱ መርከቦች ሞተሯ የሚነሳው አንዲት ብቻ ነበረች። እሷን የሚነዳው አባቴ ነው።

መርከቧን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከኋላዋ ትልቅ መረብ አስራ፣ የባሕሩን ወለል እየጠረገች የምትሄድ ድብልብል ያለች ነገር ናት። ከቸኮለች መረቡ ዓሣ አይዝላትም፤ ስለዚህ የሠሯት ሰዎች ፍጥነት የሚባል ነገር አላሰቡላትም። አባቴ «አሮጊቷ» ይላት ነበር። አሮጊቷ ዛሬ ተነስታለች፣ አሮጊቷ ዛሬ አኩርፋለች ይላል። ሽታዋ አብሮት ቤት ይገባል፤ እናቴ ልብሱን ከእኛ ልብስ ለይታ ታጥብ ነበር። ለጦርነት ከእሷ አህያ በስንት ጣዕሙ።

ጦርነቱ ሲጠና ለባሕር ኃይሉ መርከብ አነሰው ተባለ። ያኔ ሌተና የነበረው ይሄው ሰውዬ ሁለት ወታደር አስከትሎ ወደቡ ላይ መጣና፣ መርከቧ ለእናት አገር ጥሪ ተፈልጋለች አለ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ለአባቴ ምሳ አድርሼ ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ። መረቡን አስወረደ። መረቡን የሚያወጣውን ማንሻ አስነቀለና በቦታው መትረየስ አስተከለ። ግራጫ ቀለም አስቀባት፤ ቀለሙ ስላልበቃ አንድ ጎኗ ከታች የድሮ ሰማያዊዋን እንደያዘች ቀረች። ከርቀት ሲያዩአት ጨርቅ አጥሯት ቀሚሷ ግማሽ የቀረ ሴት ትመስላለች። አባቴና አብረውት የሚሠሩት አምስት ሰዎች ከዛሬ ጀምሮ የባሕር ኃይል ሰው ናችሁ ተባሉ። የደንብ ልብስ አልደረሳቸውም። የተፈለጉት ያንን ሞተር ከእነሱ በቀር የሚያስነሳው ስለሌለ ነው።

«ጠላት ሳያየን በፊት ያሸተናል» አለ አባቴ ማታ እራት ላይ። ሳቅን። ከእሱ ጋር የሳቅነው የመጨረሻው ሳቅ ይመስለኛል።

የወጡ ዕለት እናቴ እጄን ይዛ እስከ ወደቡ በር ሄደች። ሌተናው በሩ ላይ ቆሟል። እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሴት ናት። «ጌታዬ፣ ከእጄ እየወሰዱት ነው፤ በእጄ ይመልሱልኛል?» አለችው።

«በእኔ ይሁንብዎ፣ እትዬ» አለና ደረቱን መታ።

መርከቧ ስትርቅ አየናት። ቀስ ብላ ነው የሄደችው፤ ሌላ አካሄድ አታውቅም። ከቀናት በኋላ እናቴ ሌተናውን ከፀጉር ቤት ሲወጣ አገኘችው። ተላጭቷል፣ ሽቶ ተቀብቷል። «ጦር መርከቤን ይዤ ስወጣ» የሚለው እንግዲህ ይሄንን ነው። ሰውዬው ይዞ የወጣው የፀጉር ቤቱን ሽቶ ነው።

ሰዎቹስ አለችው። «በግዳጅ ላይ ናቸው» አለ። በሌላ ቀን ጠየቀችው፤ «ወታደራዊ ምስጢር ነው» አለ። ሦስተኛ ስትጠይቀው መንገድ ላይ፣ ሰው ፊት፣ «እትዬ፣ ወሬ የሚነዛ የጠላት አፍ ነው» አላት። ሰፈርተኛው ሰማ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ መርዶ የሚነግር ከየት ይመጣል? ሴቶቹ አውቀዋል፤ ከወደቡ የሹክሹክታ ወሬ ደርሷቸዋል። እኛን ሲያዩ ፊታቸውን አዙረው እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ ምግብ ይልኩልናል፣ እኔን አቅፈው ይስሙኛል። ጎሕ ሲቀድ በራችንን ያንኳኳ ግን የለም።

እኛ ዘንድ ሰው የሚሞተው መርዶው ሲነገር ነው። ከዚያ በፊት ቢሞትም አልሞተም፤ ይጠበቃል። መንግሥቱ ወደቀ፣ ወደብ የሚባል ነገር ከእጃችን ወጣ፣ እኛም ያለንን ተሸክመን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ገባን፤ እናቴ ግን ጥቁር አልለበሰችም። ድንኳን አልተከለችም፣ ተዝካር አላወጣችም። ባል ያላት ሴት አይደለችም፣ ባል የሞተባት ሴትም አይደለችም። ዘመዶች ተሰብስበው፣ «እያወቅሽ ምነው ራስሽን ታታልያለሽ? በቃ፣ እርምሽን አውጪ» ይሏታል።

«አውቃለሁ» ትላለች። «ማወቅ ሌላ፣ መርዶ ሌላ። ከእጄ የወሰደው ሰው ይንገረኝ።»

ሰዉ ግትር አላት። እኔም በልጅነቴ ግትር ናት እል ነበር።

እናቴን እኔ ወደምኖርበት ሮዝዌል ያመጣኋት ከዚያ ልደት ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሰውዬውን እስከዚያ አላነጋገርኩትም፤ በዓይኔ ብቻ እከታተለዋለሁ። ሠርግ ላይ ጦር መርከቡ አለች፣ ምርቃት ላይ አለች። በየጊዜው ታድጋለች። አንዴ ሁለት መድፍ አበቀለች። ኬኔሶ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው፤ በመንገድ ላይ መሪ ይዤ፣ በእድሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ማይክ ተቀብዬ እንዴት እንደማዋርደው ብቻዬን እለማመዳለሁ። ሌላው ሰው መኪና ውስጥ መዝሙር ይሰማል፤ እኔ ሰው እሰድባለሁ።

እናቴ በመጣች በወሩ ነገርኳት። ትወድቃለች ብዬ ከአጠገቧ ቆሜ ነበር።

«አለ?» አለች። «በሕይወት አለ?» ፊቷ በራ። «እግዚአብሔር ይመስገን!»

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ጀግና ነኝ እያለ ነው እኮ የሚዞረው! ተይ ብቻ፤ ሰው ፊት ራቁቱን ነው የማስቀረው።»

«እንዳታዋርጂብኝ» አለችኝ፣ ቆጣ ብላ። «የተዋረደ ሰው ቤቴ አይመጣም። እኔ የምፈልገው መርዶዬን ነው። ሳላለቅሰው ብሞት ማን ያለቅስለታል? አንቺ እንደሆነ መልኩንም በደንብ አታስታውሺው።»

ይህን ስትል ጨክናብኝ አልነበረም፤ እውነቷን ነው። እንግዲህ ያንን ሁሉ ስድብ ውጬ ሰውዬውን በአክብሮት ማስመጣት ሆነ ሥራዬ።

መጀመሪያ እድሩ ጋ ሄድኩ። ሊቀ መንበራችን ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ሲያጽናናም ፖሊሲ የሚያዋውል ይመስላል። «ሲስ፣ አይ አንደርስታንድ» አለኝ። «ግን ይሄ በጣም ኦልድ ኬዝ ነው። ባይሎው ላይም የለም። ከካፒቴኑ ጋር አንቺው ቶክ ብታደርጊ አይሻልም?» ለቀብር ሲሆን ከሁሉም ፊት የሚቆም ሰው ነው። ሬሳ የሌለው ሞት ግን ፎቶ አይነሱበትምና አላጓጓውም።

ሰውዬው ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ነው የሚያስተዳድረው። እሱም ሥራ ነው፣ ከእኛ ግማሹ እዚያ ነው ያለው፤ የምንቀው ሥራውን አይደለም። ከሥራ መልስ ሄድኩ። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ፣ ከሰደርያው በላይ ያንን ኮፍያ አድርጎ ቆሟል። ገና ሳልወርድ እጁን እያወዛወዘ መጣ።

«ሪዘርቭድ ላይ ነው ፓርክ ያደረግሽው!»

«ለአንድ ጊዜ ነው። እርስዎን ፈልጌ ነው የመጣሁት» አልኩት። «የአሰብ ልጅ ነኝ። የዓሣ መርከቧን ይነዳ የነበረው ሰው ልጅ።»

ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ግራና ቀኝ አየ፤ የሰማ የለም፣ መኪና ብቻ ነው። «አባትሽ ታላቅ ሰው ነበሩ» አለ።

«እናቴ እዚህ ናት። መርዶዋን እርስዎ እንዲነግሯት ትፈልጋለች። ሌላ ምንም አትፈልግም። ክስ የላትም፣ ጥያቄ የላትም።»

የሰደርያውን ዚፕ ከፍ ዝቅ አደረገ። የሚያስብ መስሎኝ ጠበቅሁ። «ይሄ ነገር ሴንሲቲቭ ነው» አለ በመጨረሻ። «ኦፊሻሊ እነሱ ጠፍተዋል ነው የሚባለው። ሞተዋል ብዬ ሪፖርት እንዳደርግ ትእዛዝ አልደረሰኝም።»

እስቲ አስቡት። ትእዛዙን የሚሰጠው መንግሥት ወድቋል። አዛዦቹ ግማሹ ሞተዋል፣ ግማሹ ተሰደዋል። ባሕሩ ራሱ አገር ለውጧል። ሰውዬው ዳውንታውን አትላንታ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ ትእዛዝ ይጠብቃል። ለመዋሸት ግን ትእዛዝ አላስፈለገውም። ምላሴን ነክሼ መኪናዬን አስነሳሁ።

እድሩ ነገሩ ሲወራ ሰማና ስሜ ይጠፋል ብሎ ደነገጠ፤ ሽማግሌ ሊልክ ወሰነ። እዚህ አገር ሞት ቅዳሜን ይጠብቃል። ሰው ሰኞ ቢሞትም ሺፍት ስላለ መርዶው ለቅዳሜ ይቆያል፤ ቤተሰቡ ሳምንቱን ሙሉ እየሳቀ ይሠራል፣ ሌላው ሁሉ ያውቃል። እናም አንድ ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሮዝዌል ያለችው ጠባብ መንገዳችን በመኪና ተሞላች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሊቀ መንበሩ ጥቁር ሱፍ ለብሶ አንድ ካርቶን ዶናት ታቅፏል። መርዶ ሊነግር ሲመጣ ቁርስ ይዞ የመጣ ሰው ከእሱ በፊት ስለመኖሩ እንጃ።

ጎረቤታችን፣ አንድ ሽማግሌ ነጭ፣ በሌሊት ልብሱ ወጣ። ምን ተፈጠረ፣ ሰላም ነው ወይ አለ።

«ኤቭሪቲንግ ኢዝ ፋይን፣ ሰር» አለው ሊቀ መንበሩ። «ሰው ሞቶብን ነው።»

ጎረቤቱ አዘነ፤ መቼ ነው የሞቱት ብሎ ጠየቀ። ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ሰማይ ሰማይ አየሁ።

ገቡ። እናቴ ተነስታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ሳሎን መሐል ቆማ ጠበቀቻቸው። አንደኛው ሽማግሌ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲህ እናታችን፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ…» ሲል እጇን አነሳች።

«ይቆዩ ጌታዬ። ማን ነው የላካችሁ?»

«እድሩ ነው፣ እናታችን።»

«እድሩ ነው ባሌን ከእጄ የወሰደው?»

ተያዩ። ሊቀ መንበሩ፣ «ካፒቴኑ ዛሬ ስኬጁል አልተመቸውም፤ ግን ሪስፔክቱን ልኳል» አለ።

«እግዜር ይስጠው። ሲመቸው ይምጣ። እናንተ የሰው አደራ ይዛችሁ መጥታችሁ ደከማችሁ። በሉ ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ።»

ሌላ ምን ይደረጋል? ተቀመጡ። ለማልቀስ ደረቷን ያዘጋጀች ሴት ሁሉ ነጠላዋን አስተካክላ በዶናት ሻይ ጠጣች። አንዷ ስትወጣ በሩ ላይ፣ «የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» ስትል ሰማኋት። ለማን እንዳለችው አልገባኝም፤ እኔ ለእድሩ ወስጄዋለሁ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ነገሩን በራሷ ያዘችው። ሠርግ ሲኖር፣ ልደት ሲኖር፣ «ውሰጂኝ» ትለኛለች። ነጭ ልብሷን ለብሳ ትሄድና ሰውዬው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። በሬ ካራጁ ይውላል አልኳት በልቤ። ሰላም ስትለው ወገቧን ሰበር አድርጋ ነው። ማን እንደሆነች ያውቃል፤ ሌላው ሰው ግን አያውቅም። አንድ ወጣት፣ «ካፒቴን፣ እስቲ ያቺን የመርከቧን ስቶሪ!» ይላል። ሰውዬው ይጀምራል፤ ሱስ ሆኖበታል፣ ምን ያድርግ።

«ሞገዱ እንግዲህ…»

«እሺ» ትላለች እናቴ፣ አገጯን በመዳፏ ይዛ። «ከዚያስ ጌታዬ?»

«ከዚያ … ተኩስ ተከፈተ።»

«ውይ። ከዚያስ?»

«መርከቧ ተመታች።»

«እርስዎስ?»

«እኔ … ተረፍኩ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሰዎቹስ?»

ወጣቶቹ እሱን ያያሉ። «ጀግኖች ነበሩ» ይላል ወደ ሳህኑ።

«እሱንማ አውቃለሁ። ምን ሆኑ?»

ሰውዬው ሽንት ቤት ሄደ፤ ኬክ እስኪቆረስ አልተመለሰም። እኔ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ ጠጥቼ የማላውቀውን ወይን ጠጣሁ። በየድግሱ እንዲሁ ሆነ። «ከዚያስ ጌታዬ?» ትለዋለች፣ አንድ ጊዜ እንኳ አንተ ሳትለው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ፊቷን ሳታጠቁር። መድፎቹ ጠፉ። ሞገዱ ጎደለ። በመጨረሻ መርከቧም ቀረች፤ ሰውዬው ስለ መኪና ኢንሹራንስ መጨመር ማውራት ጀመረ። ኋላም ጭራሽ ከድግስ ቀረ።

እኔ ያሸነፍን መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን ተከዘች። «አሸሸሁት» አለች። «እኔ እንዲመጣ ብዬ ነበር፤ እኔው አባረርኩት።» ያን ክረምት ሁለት ጊዜ ልቧን አሟት ሐኪም ቤት ገባች። አልጋው ላይ ሆና የምትጠይቀኝ ስለ መድኃኒቷ አልነበረም፤ «ደወለ?» ነበር የምትለኝ። አልደወለም። እኔ ሰውዬውን የናቅሁትን ያህል ሰው ንቄ አላውቅም። መዋሸቱ ሳይሆን፣ እውነቱን የምትፈልግ አንዲት አሮጊት ስትመጣ ውሸቱን ጥሎ መሸሹ ነው ያስናቀኝ። ጉረኛ ሰው ቢያንስ ጉራው ላይ ይቆማል።

በበልግ፣ በሥራ ቀን፣ ለሺፍት ልወጣ ጫማዬን ሳስር እናቴ ከመስኮቱ ጠራችኝ። «መኪና ውስጥ ሰው ተቀምጧል። ከነጋ ጀምሮ።»

ወጥቼ አየሁ፤ እሱ ነው። ኮፍያ አላደረገም። ራሱ ጠጉር የለውም፣ ያለ ኮፍያ አጭር ሰው ነው። የመኪናውን መስታወት አወረደ። «ገብቼ … ይቻላል?» አለ። ፊቱ አብጧል።

ሳሎን እስኪገባ እናቴ ቆማ ጠበቀችው፤ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችው። ወንበር አልያዘም።

«እትዬ» አለ፣ «እናቴ ሞታለች። በፌስቡክ ነው ያየሁት። ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ቆሜ፣ ካስተመር ቁልፍ እየሰጠኝ። ፎቶዋን፣ ሻማ … ሰው ሁሉ ከሥሩ «አር አይ ፒ» ጽፏል። ለእኔ የነገረኝ የለም።»

«ነፍስ ይማር» አለች እናቴ። «ይቀመጡ።»

አዘንኩለት ብል ውሸት ነው። የራሱ በር ሳይንኳኳ ሲቀር ነው የእኛ በር የታየው፤ ይህንን ደግሞ ንስሐ ብለው የሚጠሩት ሰዎች አሉ። እኔ አልጠራውም።

«እንግዲህ ልንገርዎ» አለ።

«ቆይ» አለች። «መርዶ ለብቻ አይነገርም።» ወደ እኔ ዞራ፣ «ሰው ጥሪ» አለችኝ። ሥራ ደውዬ ቀረሁ፤ በቅርብ ያሉ ሁለት ሴቶች ጠራሁ። አንዷ የጴንጤ ቸርች አገልጋይ ናት፤ ሌላዋ የሌሊት ሺፍት ጨርሳ የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች መጣች። እስኪመጡ ሰውዬው ሶፋው ጫፍ ላይ፣ እናቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ጠበቁ። ሴቶቹ መጥተው ግራና ቀኟን ያዙ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አሁን ይንገሩኝ» አለች።

ተነስቶ ቆመ። እጁን ወደ ጎኑ አደረገ፣ እንደ ወታደር። «ጀግናው ባለቤትዎ፣ ለእናት አገራቸው ክብር…»

«ጀግናውን ይተዉት። ምን ሆነ?»

የቆመበት ላይ ሟሟ። «ጥይት አስጭኜ ላክኳቸው» አለ። «እኔ አልሄድኩም። መሄድ ነበረብኝ፤ አሞኛል አልኩ። በነጋታው ሬዲዮው ዝም አለ። ተመትታ ይሁን ሞተሯ ቆሞ አላውቅም። ፈልጉ አላልኩም። ከላይም የጠየቀኝ የለም። ማንም አልፈለጋቸውም፣ እትዬ።»

አንደኛዋ ሴት «ኢየሱስ!» አለች። እኔ እጄን ጨብጬ ነበር። እናቴ ግን ራሷን ነቀነቀች፣ መንገድ ጠይቆ እንደነገሩት ሰው።

«ደግ» አለች። «እንግዲህ መርዶዬን ይንገሩኝ። ማን ነው የሞተብኝ?»

«ባለቤትዎ።»

«ባለቤቴ ስም የለውም?»

አፉን ከፈተ። እናቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ሴቶቹን አየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣ ነገር የለም። ቀስ እያለ ነው የገባኝ። ያንን ሁሉ ዓመት በየአዳራሹ ሲያወራ፣ የመትረየሱን ዓይነት ያውቃል፣ የሞገዱን ቁመት ያውቃል፤ የነጂዋን ስም አያውቅም። ረስቶት አይደለም። ጠይቆት አያውቅም።

ያኔ እንድትጮህበት ፈለግኩ። እንድትሰድበው፣ እንድትመታው፣ ከቤት እንድታስወጣው ፈለግኩ። እናቴ ግን ጎንበስ ብላ፣ አንድ ለትምህርት ቤት አዲስ የሆነ ልጅ እንደምታስጠና ሴት፣ በለሆሳስ የአባቴን ስም ነገረችው።

«ይበሉ» አለችው።

አለው።

«ከነአባቱ።»

ከነአባቱ አለው።

«ሞቷል፣ ይበሉኝ።»

የአባቴን ስም ከነአባቱ ጠርቶ፣ «ሞቷል» አለ።

እናቴ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኸች። ሁለቱ ሴቶች ሊይዟት አልቻሉም። ደረቷን እየመታች፣ ስሙን እየጠራች፣ አሮጊቷ መርከብ የወሰደችብኝ እያለች፣ ስለ እጁ፣ ስለ ልብሱ ሽታ፣ ስለ ሳቁ፣ እኔ የማላውቀውን ስንት ነገር ደርድራ አለቀሰችው። መቼ መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ አላስታውስም። ሰውዬው ያልቅስ አያልቅስ፣ በየት በኩል እንደወጣ አላየሁም። አባቴ ሞቶብኝ ስለነበር ለእሱ ጊዜ አልነበረኝም።